96 ሰው፣ የነገረኝ ግን የለም

ጎንደር ውስጥ የኮብልስቶን ሥራ ስመራ በሥሬ 96 ሰው ነበር። ጠራቢ፣ አንጣፊ፣ አሸዋ የሚነፋ፣ ድንጋይ የሚሸከም፣ ውሃ የምታመላልስ። ከዚያ በፊት የመራሁት ትልቁ ቡድን 12 ሰው ነው። 12 ሲሆኑ ማን እንዳኮረፈ ከፊቱ ይታወቃል። 96 ሲሆኑ የሚታየኝ የአቴንዳንስ ወረቀቱ ብቻ ሆነ።

ሥራው ከጥምቀት በፊት እንዲያልቅ ተባለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጎንደርን የሚያውቅ ይገባዋል። የቀሃ ወንዝ ውሃ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ መግባት ሲጀምር ከተማው በሙሉ ቀን ይቆጥራል። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ሲወርዱ መንገድ ላይ ድንጋይ ከምሮ ለተገኘ ሰው ወዮለት! እኔም ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ስንት ሜትር?» ከማለት ሌላ ቋንቋ ጠፋኝ።

አንድ ቀን አንደኛው ካቦ መጣና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ መሬቱ በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ ብናቆመው» አለኝ። ሰው መሃል ጮህኩበት። የግማሽ ቀን ሂሳቡንም ቆረጥኩ። በሆዴ «ለሌላውም ትምህርት ይሆናል» ብዬ ነበር። ሆነም።

ከሳምንት በኋላ 40 ሜትር ያህል ተነጥፎ፣ ደግሞ አምሮ፣ አንዲት እናት ባልዲ ይዘው ከግቢያቸው ወጡ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ውሃውን መንገዱ መሃል ደፉት። ወደ ቦዩ አልሄደም። በድንጋዮቹ መሃል እየተሽሎከለከለ፣ ቀስ ብሎ በራቸው ሥር ገባ።

«አየህ ልጄ? ክረምት ሲመጣ ከነአልጋዬ ሊወስደኝ ነው።»

መንገዱ ወደ ቦዩ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ እያለ መሄድ ነበረበት። እኛ ያነጠፍነው ገልብጠን ነው። ገመዱ የታሰረበት ችካል ተነቅሎ ሲተከል ቦታውን ስቶ ኖሯል። ክው አልኩ።

«ምነው ቀድመው ቢነግሩን እማማ?»

«መጀመሪያ ቀን ነው የነገርኳቸው!»

ዞር ስል አንጣፊዎቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ያን የቀጣሁትን ካቦ ለብቻው ጠየቅኩት። መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ትንሽ ቆየ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ነው፣ ጋሼ።»

ሁለት ቀን አፍርሰን እንደገና አነጠፍን። የቆረጥኩትን ሂሳብ መለስኩለት። ሰው መሃል ጮሄበት ስለነበር ይቅርታውንም ሰው መሃል ጠየቅኩ። እውነት ለመናገር ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ከበደኝ። ከዚያ ሰዉን በ8 ካቦ ሥር 12፣ 12 አድርጌ ከፈልኩት፤ የማውቀው ቁጥር እሱ ነዋ። የጠዋቱ ጥያቄም «ትናንት ምን ተበላሸ?» ሆነ።

ሦስት ቀን ማንም አልመለሰም። ሳል ብቻ። በአራተኛው ቀን ውሃ የምታመላልሰው ልጅ «በርሜሉ ያፈሳል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው» አለች። ለካ ሥራ ከጀመርን አንስቶ ሲያፈስ ነው የኖረው።

የከተራ ዋዜማ እዚያው ግቢ ቡና ተጠራን። ሦስተኛው ተጠጥቶ ሲያልቅ እማማ ስኒ የታጠበበትን ውሃ ይዘው ወደ በር ወጡ። እኔን ቀና ብለው አዩኝና መንገዱ ላይ ደፉት። ካቦውም እኔም ቆመን ተከተልነው። ወደ ቦዩ ሄደ።