ከዓይን ዕጢ የተወሰደ ናሙና የሚናገረው
በዓይን ውስጥ የሚነሣው ሜላኖማ የተባለው ካንሰር በጨረር ወይም ዓይኑን በማውጣት ከታከመ በኋላም፣ ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚያህሉት ላይ ቆይቶ በአብዛኛው ወደ ጉበት መሠራጨቱ እጅግ ያሳስበኛል። በ1996 እ.ኤ.አ. በጀርመን ኤሰን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ከሁለቱ 3ኛ ክሮሞሶሞች (ዘረመሎችን ከሚሸከሙት የሕዋስ ክሮች) አንዱ የጎደለበት ዕጢ የመሠራጨት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን አሳዩ፤ በ2010 ደግሞ በዚያው ክሮሞሶም ላይ ያለው ባፕ-1 የተባለው ዘረመል በአደገኞቹ ዕጢዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ ተበላሽቶ እንደሚገኝ ታወቀ። ዛሬ በቀጭን መርፌ የተቀዱ ጥቂት ሕዋሳት ለዚህ የዘረመል ምርመራ ሊበቁ ይችላሉ። ውጤቱ የዓይኑን ሕክምና ባይለውጥም፣ ጉበቱ በየስንት ጊዜው በምስል እንደሚታይ ለመወሰን ይረዳል። እንዲህ ያለውን ዜና መስማት የማይፈልግ ታማሚ ግን አለ፤ ስለዚህ በእኔ እምነት ሐኪሙ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ፈቃዱን በእርጋታ ሊጠይቀው ይገባል።