በፋይናንስ ሙያ ለመሰማራት ምን ይጠና? የዲፓርትመንት ምርጫ ለደረሰባችሁ

የፍሬሽማን ዓመት ተጠናቆ የዲፓርትመንት መምረጫ ፎርም ሲመጣ ከደሴ እስከ ወልዲያ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ባንክ ለመግባት የቱ ይሻላል?» ጥያቄው ጠባብ ነው። ባንክ የሥራ ቦታ ነው እንጂ ሙያ አይደለም። በአንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋዩ፣ ብድር ተንታኙና የውስጥ ኦዲተሩ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው፤ የሚጠይቀው ትምህርትም እንዲሁ።

አንድ ሱቅ እንውሰድ። ደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ የዓመት ኪራይ 120,000 ብር አስቀድሞ ከፈለ እንበል። ሦስት ወር ሞልቶ ሒሳብ ሲዘጋ ወጪ ተብሎ የሚመዘገበው 30,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 90,000 ገና ያልተጠቀመበት ስለሆነ ሀብት ሆኖ ይቆያል። ይህ የአካውንቲንግ ጥያቄ ነው። «የጨርቁ ዋጋ አሥር በመቶ ቢጨምር ሽያጩ ምን ያህል ይቀንሳል?» የሚለው የኢኮኖሚክስ ነው። «500,000 ብር ቢበደር፣ በየወሩ በእጁ ከሚገባው ገንዘብ መክፈል ይችላል?» የሚለው ደግሞ የፋይናንስ። ከሦስቱ የትኛውን ይዛችሁ ሳይሰለቻችሁ ማምሸት ትችላላችሁ? ምርጫው ከዚያ ይጀምራል።

ለመወሰን ለከበደው ተማሪ የኔ ምክር አካውንቲንግና ፋይናንስ ነው። ምክንያቱም ሒሳብ ሠራተኛ የማያስፈልገው ተቋም የለም፦ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ የብድርና ቁጠባ ተቋም፣ እርዳታ ድርጅት። የአካውንቲንግ ምሩቅ ኢኮኖሚክስ በሚጠየቅበት የባንክ ማስታወቂያ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ይወዳደራል፤ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ግን የኦዲተርነት ቦታ ላይ እንዲህ በቀላሉ አይገባም።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ግን እዚሁ ነው። አካውንቲንግ ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያውን ኮርስ ዴቢትና ክሬዲቱን (ሒሳብ የሚመዘገብባቸውን ሁለት ጎኖች) ሸምድዶ ያለፈ ሰው ቀጣዩ ኮርስ፣ ኢንተርሚዲየት ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ ምክንያቱም እዚያ የሚጠየቀው የቱ ገቢና ወጪ የየትኛው ወር እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ከላይ ያለውን የኪራይ ሒሳብ ራሳችሁ መሥራት ካቃታችሁ ወደፊት አትለፉ፤ እሱን ደግማችሁ ሥሩ። ሌላው ችግር አሮጌ ሃንዳውት ነው። በ2006 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት አገሪቱ የሒሳብ ሪፖርቷን ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ (IFRS) አዙራለች፤ ከታላላቆቻችሁ የሚወረሰው ሃንዳውት ግን ብዙ ጊዜ በአሜሪካው የሒሳብ አያያዝ ደንብ፣ በጋፕ (GAAP) የተጻፈ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ያጠና ፈተና ላይ ይምታታበታል። ለምሳሌ የዕቃ ክምችትን በላይፎ (LIFO፣ መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደተሸጠ በሚቆጥር ስሌት) መተመን ጋፕ ይፈቅዳል፣ አይኤፍአርኤስ ይከለክላል።

ኢኮኖሚክስን ከሒሳብ ለመሸሽ የሚመርጡ አሉ፤ ትልቅ ስህተት ነው። ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን) እዚያው ይጠብቋቸዋል። ሒሳብ የሚወድ ግን በብሔራዊ ባንክ፣ በጥናት ተቋማትና በስጋት ትንተና ጥሩ ቦታ አለው። ከናቹራል ሳይንስ የመጣችሁ ስታቲስቲክስን አትናቁት፤ ኢንሹራንስ ውስጥ አደጋን ተምኖ ዓረቦን የሚያወጣው ሙያ በእሱ ላይ የቆመ ነው። ማኔጅመንት ለቅርንጫፍ ሥራ ይበቃል፣ ለኦዲት ግን አይበቃም።

ወሎ ላይ የሚሠራ ሰው ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን ማወቅ አለበት። ሙራባሃን እዩ፦ ነጋዴው የሚፈልገውን ጨርቅ ባንኩ በ400,000 ብር ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ በ444,000 ይሸጥለታል፤ ነጋዴው በወር 37,000 እየከፈለ በ12 ወር ይጨርሳል። ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ካልገዛና በእጁ ካላደረገ ውሉ ወለድ ሆኖ ይቀራል። ደንበኛው ይህን ይጠይቃችኋል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ ለሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ባንኮች አሉ፤ መደበኛዎቹም ለዚሁ አገልግሎት የተለየ መስኮት ከፍተዋል። በኮርስ ዝርዝራችሁ ውስጥ ከሌለ ለብቻችሁ አንብቡት።

የግል ኮሌጅ የምትገቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኮሌጁን ፈቃድ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ፈቃድ የሚሰጠው ለካምፓሱና ለፕሮግራሙ ነው፤ ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ስላለው ደሴ ላይ አለው ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፤ የግልም የመንግሥትም ተማሪ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታው ነው። ፈተናው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የተማራችሁትን ስለሚያካትት የቆየ ደብተር አትጣሉ።

ኤሲሲኤ (ACCA) የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ 13 ፈተናዎች አሉት፤ በአካውንቲንግ ዲግሪ እስከ 9 የሚደርሱት ሊቀነሱ ይችላሉ፣ ቁጥሩ በዩኒቨርሲቲው ይወሰናል። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ በብር ሲሰላ በጣም ከብዷል። ስለዚህ ሥራ ይዞ፣ አንድ አንድ ፈተና እየወሰዱ መሄድ ይሻላል።

እስከዚያው ኤክሴልና ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ተማሩ። የመጀመሪያ ልምምዳችሁ የደመወዝ ሰሌዳ ይሁን፦ 12,000 ብር ደመወዝ ላለው ሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ከራሱ፣ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ከአሠሪው። ብዙ ጀማሪ 1,320ውንም ከሠራተኛው ላይ ይቀንሳል።

ፎርሙ ላይ ስትሞሉ ቦታ የሚደለደለው በውጤት ነውና በእውነት የምትፈልጉትን አንደኛ አድርጉ። ሁለተኛና ሦስተኛው ላይ ደግሞ ቢደርሳችሁ ቀሪዎቹን ዓመታት ልትማሩት የምትችሉትን ብቻ ጻፉ፤ ባዶ ቦታ ለመሙላት ተብሎ የተጻፈ ዲፓርትመንት የሚደርሰው ብዙ ተማሪ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የሦስቱንም የኮርስ ዝርዝር ከዲፓርትመንቱ ጠይቃችሁ አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ አንብቡት።