ቮልሷን በሩሎ መቀባት

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አሮጌ መኪና አለ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ቀለሙ ተራግፎ የሚሄድ። ባለቤቱ ሳይወደው ቀርቶ አይደለም። ጋራዥ ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል፤ የሰማውን ሰምቶ "እስቲ ትቆይ" ይላል። የእኔም ቮልስ ለዓመታት "እስቲ ትቆይ" ተብላ ኖራለች። ከአጎቴ ከገዛኋት ጀምሮ መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ጣሪያዋ ግን እጅ ሲነካው ቀለሙ ሰማያዊ ዱቄት ሆኖ ይነሳል። ከፓራፋንጎዎቿ ሥርም ዝገት ገብቷል። ዱቄቱ የመልክ ጉዳይ ነው፤ ይታለፋል። ዝገት ግን አያስተኛም።

ዋጋ የጠየቅኩበት ጋራዥ የነገረኝ ገንዘብ ከግማሽ ዓመት ደመወዜ ይበልጣል። አስተማሪ ነኝ። አልፈረድኩባቸውም። ቀለሙ፣ ቲነሩ፣ ማድረቂያው፣ ብዙው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የማይጨምር ነገር የለም። መኪና መቀየር የሚባለውም ሐሳብ ርቋል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለው ሰው ያለችውን መያዝ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ጡረታ የወጡ ቀለም ቀቢ አሉ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን የብረት በርና አጥር ሲቀቡ ነው የኖሩት። አንድ ምሽት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ መኪና በሩሎ ይቀባል?"

"ለምን አይቀባም ልጄ? በሩም ላሜራ ነው፣ መኪናውም ላሜራ ነው። ልዩነቱ በሩን ማንም ቀርቦ አያየውም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማውን በሮች ማየት ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ። የተቀቡት ሲንቴቲክ በሚባለው የዘይት ቀለም ነው፤ ያውም ብዙዎቹ በብሩሽና በሩሎ። በደንብ ተፍቀው የተቀቡት ዓመታት አልፏቸው ዛሬም ያበራሉ።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ሆኖ ትንሽ ኬሚስትሪ ልጨምር፤ ሥራው ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነውና። ጋራዥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲረጭ የኖረው ናይትሮ የሚባለው ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ነው። ቲነሩ ሄደ ማለት ቀለሙ ደረቀ ማለት ነው። በደቂቃዎች ያልቃል። ለዚህ ነው በሩሎ የማይሆነው። ሩሎው የተወውን ጠቃጠቆ ሳይዘረጋ ይደርቅበታል፤ ሁለተኛው ቅብ ሲመጣ ደግሞ ቲነሩ የታችኛውን መልሶ ያሟሟዋል። ሲንቴቲክ ሌላ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል። ከዚያ በቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳምንታት። ጋራዥ የሚጠላው ይህን ቀርፋፋነቱን ነው፤ መኪናው ቦታ ይዞበታል፣ አቧራም ያርፍበታል። ለሩሎ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ቀለሙ ለመተኛት ጊዜ ያገኛል። ጠቃጠቆው በራሱ ክብደት ይዘረጋና ይለሰልሳል።

መኪና በእጅ መቀባት የድሃ ፈጠራም አይደለም። ቀድሞ የነበረው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች እንደ ፈረስ ጋሪ በብሩሽ ነበር የሚቀቡት። ቀለሙ እስኪደርቅ፣ ተፍቆ እንደገና እስኪቀባ አንድ መኪና ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1920ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት ዱኮ የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም አውጥቶ ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ በሚባሉት መኪኖቹ ላይ ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ሁሉ ወደ መርጨት ሄደ። የተሸነፈው አሠራር በጊዜ ተሸነፈ፤ በጥራት አይደለም። እኔ ደግሞ ገንዘብ የለኝም እንጂ ቅዳሜና እሁድ አለኝ።

ቀለሙን ስመርጥ ብዙ አላሰብኩም። ሊብሬዋ ላይ "ሰማያዊ" ስለሚል ሰማያዊ ገዛሁ። ቀለም የሚቀይር ሰው ሊብሬውንም ማስቀየር አለበት፤ እዚያ ሰልፍ ውስጥ መግባት አልፈለግኩም። ደግሞ ፈካ ያለው ሰማያዊ ይሻላል። ጥቁርና ደማቅ ቀለም የላሜራውን ጎርበጥባጣ ሁሉ ያጋልጣል። ፈዘዝ ያለው ይሸፍናል። ቀዩ ደግሞ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ይነጣል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ለቀለም አይራራም።

ቮልስ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ይፈታሉ። በእነሱና በመኪናዋ ገላ መካከል ያለውን ጎሚኒ ማውጣት፣ ብሎኖቹን ከዋዜማው ዘይት አጠጥቶ ማሳደር፣ ከዚያ በትዕግሥት መፍታት ነው። ተፈትተው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ከግራም ከቀኝም ይታያሉ፤ ከሥር ያለው ዝገትም መደበቂያ ያጣል። የኋላ ወንበሯንም አንስቼ ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታ አየሁ። ቮልስ ያላችሁ ሁሉ እዚያ እዩ። አሲዱም እርጥበቱም የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ወለሉ ከተበላ መጀመሪያ ብየዳ ነው የሚያስፈልገው። ቀለም ቀዳዳ አይደፍንም።

ሰው "ቀባኋት" ሲለኝ ሩሎ ይዞ የቆመ ሰው ይታየኛል። እውነቱን ለመናገር ሥራው መፈቅፈቅ ነው። ዝገቱን በብረት ብሩሽ እስከ ንጹሕ ላሜራ፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት። ሁሉንም በውሃ እያረጠብኩ ነው የፈቀፈቅኩት። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል አቧራው መነሳት የለበትም፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈናል፤ ልጆችም ከአጠገብ ይርቃሉ። የተጎዳውን ስቱኮ በሚባለው መሙያ ሞልቶ እንደገና መፈቅፈቅ ነው። ከዚያ ቶሎ አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት መከላከያው ቀለም። አንቲረስቱንም ለብቻው ለጤዛና ለዝናብ መተው አይገባም፤ እርጥበት ያሳልፋል።

የግራውን በር ስፈቀፍቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስቱኮ ለመሙላት አንድ የተጎዳ ቦታ ላይ አብዝቼ ፈቀፈቅኩ። መሐሉ ላይ ብረቱ ወጣ። ዙሪያውን ግራጫ መስመር፣ ቀጥሎ ክሬም፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዳር የእኔው ሰማያዊ። ክሬሙ ስስና ጠንካራ ነው፤ የፋብሪካው መሆን አለበት። አረንጓዴው ወፍራም ነው፣ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆበት ቀርቷል። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ይህችን መኪና በእጁ ቀብቷታል ማለት ነው። ማን ይሁን፣ የት ሆኖ ይሁን አጎቴም አያውቅም። ፀጉሩን በጥፍሬ አንስቼ ብዙ አየሁት። ያ ሰውም እንደኔ ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ይመስለኛል። ወደዷት እንጂ አልጣሏትም፤ ለዚህ ነው እኔ ጋ የደረሰችው።

ቅቡ ራሱ እንዲህ ነው። ሲንቴቲኩ በማቅጠኛው፣ በአኳራጅ፣ ቀጥኖ እንደ ወተት መፍሰስ አለበት። ሩሎው ፀጉራም መሆን የለበትም፤ ትንሿ፣ ጥቅጥቅ ያለችው የስፖንጅ ሩሎ ናት የምትፈለገው። ሥራው በማለዳ ነው፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ላሜራው ሳይግል። መሬቱን ውሃ ረጨሁት፤ አቧራው እንዳይነሳ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይጫኑ። ሩሎው ሲያልፍ አረፋ ይተዋል። ያንኑ ቦታ ቀለም ሳይጨምሩ፣ በሩሎው የራሱ ክብደት ብቻ አንዴ መመለስ ነው። ዝቅ ብዬ በአግድም ሳየው አረፋዎቹ አንድ በአንድ ሲፈነዱ፣ ጠቃጠቆው ሲሟሟ፣ በመጨረሻም የግቢያችን ኮባ ቅጠል ኮፈኑ ላይ ሲታይ፣ ልቤ ሞቀ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው "አትንካው አሁን፣ ተወው" አሉ። ከሁሉ የሚከብደው መተው ነው።

የመጀመሪያው ቅብ ግን ያስፈራል። ስስ ስለሆነ ከሥር ያለው ሁሉ ያሳያል፤ እዚህ ነጭ ስቱኮ፣ እዚያ አንቲረስት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ያዝናል። አከራያችን እትዬ "ውይ የኔ ልጅ፣ ምነው ለባለሙያ ብትሰጣት" አሉኝ። ይህን ፈርቶ ማወፈር ደግሞ አይገባም። ወፍራም ሲንቴቲክ ላዩ ቆዳ ያወጣና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ይጨማደዳል። አንድ ስስ ቅብ፣ አንድ ቀን ማሳደር፣ ሌላ ስስ ቅብ። ሁለት ቅብ ካለፈ በኋላ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ቀስ አድርጎ ማለስለስ። እንደገና ሁለት ቅብ፣ አሁን በ800። ጠርዝ ላይ እጅ መቅለል አለበት፤ መጀመሪያ የሚላጠው ጠርዝ ነው። መጨረሻ ላይ በ1000፣ በ1500፣ በ2000 ሄዶ በፖሊሽ ይታሻል። ከሦስተኛው ቅብ በኋላ እትዬ መጥተው ምንም አላሉም። ቡና ላኩልኝ።

ሁለት ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ማድረቂያ እየተቀላቀለ የሚሠራው ባለሁለት ክፍል ቀለም ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሳንባ ይጎዳል፤ ተራ የአፍ ጭምብል አያቆመውም። እሱን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ለዚያ ጋራዥና ትክክለኛ መከላከያ አለ። ሁለተኛው፣ ሲንቴቲክ የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ውስጥ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተከማችቶ ከቆየ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ለሁሉም መኪና ይሆናል አልልም። ሜታሊክ ቀለም በሩሎ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ወጥ ሆኖ አይተኛም፣ ዥንጉርጉር ይሆናል። በቅርቡ ሊሸጥ ለታሰበ መኪናም አልመክርም፤ ገዢ "በእጅ የተቀባ ነው" ብሎ ዋጋ ይጥላል። የእኔም ቢሆን በጣም ተጠግቶ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታት ያየ ሰው ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ነገር ይለያል። ከሁለት እርምጃ ወዲያ ግን አይታይም። ዘንድሮ ቦሎ ሳስለጥፍ መርማሪው ኮፈኑን በመዳፉ አሻሽቶ "የት አስቀባሃት?" ብሎ ጠየቀኝ። "እኛው ግቢ" አልኩት፣ ደስ እያለኝ። ከወጪው ደግሞ አብዛኛው የሄደው ለብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ራሱ እንኳ ያን ያህል አልነበረም።

ከቀለሙ የተረፈውን ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ አስቀምጬ ነበር። ባለፈው ሰሞን ገበያ ሄጄ ቆሜ ሳለ አንድ ባጃጅ ሲዞር የኋላ ቀኝ ፓራፋንጎዋን ጫረው። ልጁ ወርዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ይቅርታ ጋሼ፣ ስንት ያስፈልጋል?" አለኝ። ላብ አጥምቆታል። ጋሼ ሲለኝ እኔም ገረመኝ። "ምንም አያስፈልግም፣ ሂድ" አልኩት። እሁድ ጠዋት ፓራፋንጎውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት፤ ፈቀፈቅኩት፣ አንቲረስት አስነካሁት። ጋሼ ሩሎውን ከእጄ ተቀብለው "ይሄን እኔ ልሥራው" አሉ። አሁን ታስሯል። የትኛው እንደተነካ እኔ ካላሳየሁት ሰው አይለየውም።