ባዶውን ያንገጫግጫል፣ ሲጫን ይረጋል

ይህን የምጽፈው አዲሱን መኪና ከተረከብኩ ሰባት ሳምንት ሲሞላኝ ነው። ቆጣሪው 2,900 ኪሎሜትር ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ 1,100 ያህሉን የሄድኩት ተሳቢ አስሬ ነው። ስለ አንድ መኪና የመጨረሻ ፍርድ ለመስጠት ይህ ርቀት እንደማይበቃ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሜት ሰው ሲለምደው እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ገና ትኩስ ሳለ ላሰፍረው ወድጃለሁ።

መኪናው ፎርድ ኤፍ-250 ሱፐር ዲዩቲ ነው፤ ባለ አራት በር ጋቢና፣ አጭሩ ካሶኒ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ሞተሩም 7.3 ሊትር ቤንዚን። ሥራዬ የቦይና የመሠረት ቁፋሮ በመሆኑ በሳምንት ሦስት አራት ቀን አነስተኛ ኤክስካቫተር የተጫነበት ተሳቢ እጎትታለሁ፤ ማሽኑና ተሳቢው አንድ ላይ 3,200 ኪሎ ይመዝናሉ። ይህን ሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁት በቀላል ፒክአፕ ነበር። በወረቀት ላይ ያ መኪና ከዚህ የበለጠ መጎተት ይችላል ተብሎ ተጽፎለታል። መንገድ ላይ ግን ተሳቢውን ባሰርኩ ቁጥር የኋላው ቁጭ ይል፣ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያይ፣ መሪው እጄ ላይ ይቀልብኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መኪናውን ይገፋው ነበር እንጂ መኪናው ተሳቢውን ይዞት ይወርድ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ምክንያቱን በደንብ የተረዳሁት ሌላ መኪና ማፈላለግ ስጀምር ነው። ፒክአፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይጎትታል?» ብሎ ነው፤ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ቀድሞ የሚያልቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጎተት አቅም ሳይሆን የመሸከም አቅም ነው። ተሳቢ ከኋላ ተከትሎ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ኳስ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚህ ሲያንስ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨመር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። እንግዲህ የእኔ ተሳቢ 400 ኪሎ ያህል በመኪናው ጀርባ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። በዚህ ላይ እኔና ሁለቱ ባልደረቦቼ 232 ኪሎ፣ ካሶኒው ውስጥ የሚገቡት መሣሪያዎችና ጀሪካኖች 180 ኪሎ ሲደመሩ 812 ኪሎ ይሆናል። በድሮው መኪና የሾፌር በር ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ ደግሞ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ከ640 ኪሎ እንዳይበልጥ ያዛል። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ያውም ሰው አሳፍሬ፣ ከልኩ ከ170 ኪሎ በላይ አሳልፌ ስጭን ኖሬአለሁ። ወደ ከባዱ ፒክአፕ የወሰደኝ ይህን ደምሬ ስጨርስ ያደረብኝ ድንጋጤ ነው።

የአዲሱ መኪና በር 1,460 ኪሎ ይላል። ጽሑፉን ብቻ አምኜ አልተቀመጥኩም፤ በተረከብኩ በሦስተኛው ቀን 129 ሊትር የሚይዘውን ታንከር ሞልቼ የመኪና ሚዛን ላይ አወጣሁት። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ፣ የመሣሪያ ሣጥኑም ካሶኒው ላይ ታስሮ፣ 3,190 ኪሎ መዘነ። የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 4,536 ኪሎ ስለሆነ 1,346 ኪሎ ይቀረዋል፤ የእኔን 82 ኪሎና የሣጥኑን ክብደት ስመልስበት ከበሩ ጽሑፍ ጋር ገጠመ። ባልደረቦቼን፣ ዕቃውንና ተሳቢው የሚያሳርፈውን ሸክም ጨምሬም ከ600 ኪሎ በላይ ይተርፈኛል። የሚዛኑን ወረቀት አጥፌ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከባድ ነገር ለመጎተት መኪና የሚገዛ ሁሉ ከመፈራረሙ በፊት ያንኑ የሚገዛውን መኪና በር ከፍቶ ጽሑፉን እንዲያነብ ከልቤ እመክራለሁ፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች በመቀመጫ ዓይነትና በተጨማሪ ዕቃ ብቻ በመቶ ኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ።

ናፍጣውን ለምን ተውክ ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለዚሁ መኪና የሚቀርበው ባለ ቱርቦ 6.7 ሊትር ናፍጣ ሞተር 475 የፈረስ ጉልበትና 1,424 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ሲኖረው፣ የእኔው 430 የፈረስ ጉልበትና 644 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመጠምዘዝ ኃይል ከግማሽ በታች ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰባትና ስምንት ቶን ጎትቼ ረጅም መንገድ የምሄድ ብሆን ኖሮ ናፍጣውን ለመምረጥ ባላመነታሁ። የእኔ ጉዞ ግን ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 20 ኪሎሜትር ሆኖ፣ ከዚያ መኪናው ለሰዓታት ቆሞ የሚውልበት ነው። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ጥላሸቱን በማጣሪያ ይዞ የሚያቃጥለው የጭስ ማውጫው በደንብ ሲግል ነው፤ በአጭር መንገድ ሲመላለስ ይህ ሥራ በየመሃሉ ይቋረጥበታል። ጭሱን ለማጽዳት የሚያገለግለውን የዩሪያ ፈሳሽ እየተከታተሉ መሙላት አለ፤ ከነዳጁ ጋር ውኃ ከገባ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፖምፓ ይበላሻል፤ የፖምፓው ብረት ፍርፋሪም ኢንጀክተሮቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ የናፍጣው ሞተር ከቤንዚኑ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚከብድ፣ ያ ክብደት በቀጥታ ከምሸከመው ላይ ይቀነሳል። ሲገዛ የሚጠየቅበት ተጨማሪ ገንዘብም ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ለዓመታት መኪናዬን ሲጠግኑልኝ የኖሩትን አዛውንት መካኒክ ማንሳት አለብኝ። 7.3 መግዛቴን በስልክ ስነግራቸው «ያንን ናፍጣ? ልጄ፣ እሱማ አይሞትም!» ብለው ደስታቸውን ገለጹልኝ። ስህተታቸው ምክንያት ነበረው፤ ከ1994 እስከ 2003 በተሠሩት የፎርድ ከባድ ፒክአፖች ላይ ስሙን የተከለው ናፍጣ ሞተርም 7.3 ሊትር ነበር። «ጋሼ፣ ይሄኛው በ2020 ሞዴል የወጣው ቤንዚኑ ነው» አልኳቸው፤ ዝም አሉ። መኪናውን ይዤ ስሄድ ግን ኮፈኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩት። የሞተሩ ዋና አካል፣ ብሎኩ፣ ከጊዛ (ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት) የተሠራ ነው፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ አንድ ብቻ ሲሆን የሚገኘውም ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ብቻ፣ ቱርቦም የለው። ነዳጁ የሚረጨው ቀጥታ ወደ ማቃጠያው ሳይሆን ከቫልቩ በስተጀርባ ስለሆነ፣ ሲያልፍ የቫልቩን ጀርባ ያጥባል፤ ጥቀርሻ አይከመርበትም። እጃቸውን በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጎን ሰደዱና ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄን ሌላ ነገር ሳትፈታ ታወጣዋለህ» አሉኝ፤ ከእርሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ ደግሞ የከፍታ ጉዳይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ስለሆነ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። 2,400 ሜትር ላይ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። ባለ ቱርቦው ናፍጣ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ያህል አይጎዳም። ተራራማ ቦታ የሚኖርና ከባድ የሚጎትት ሰው ይህን ቀድሞ ያስላው።

ባዶውን ሲነዱት ይደርቃል። የኋላው በባሌስትራ የተቀመጠ፣ ከአንድ ቶን በላይ እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ምንም ሳይጫን በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ሲሄድ የኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ይነጥራል። ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ለሰው አልተሠራም» አለችኝ። የዚያ ቀኑ ግን ግማሹ ጥፋት የመኪናው አልነበረም። ማታ የጎማዎቹን ንፋስ ስለካ አራቱም 80 ፒኤስአይ ተሞልተዋል፤ የበሩ ጽሑፍ የሚለው ከፊት 60፣ ከኋላ 65 ነው። ያስረከበኝ ሻጭ መኪናውን አጥቦና አብረቅርቆ ሲሰጠኝ ይህን አለማየቱ አሳዝኖኛል፤ ንፋስ መለካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የበዛ ንፋስ ደግሞ ምቾት ብቻ ሳይሆን የጎማውን መንገድ መያዝ ይቀንሳል። ካስተካከልኩት በኋላ መንገጫገጩ በግልጽ ቀነሰ፤ አልጠፋም፤ ይጠፋል ብዬም አልጠብቅም።

ሌሎቹ ነገሮች በቶሎ የሚለመዱ ናቸው። ርዝመቱ 6.35 ሜትር ያህል ስለሆነ የማቆሚያ ቦታ ከሩቁ አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። የካሶኒው ጠርዝ ከፍ ያለ በመሆኑ ከጎን ሆኜ ዕቃ ማንሳት ትቻለሁ፤ የኋላውን መዝጊያ አውርጄ፣ በተሠራለት መረገጫ ወጥቼ ነው የማወርደው። ውጫዊ አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ባለ ማግኔት የሥራ መብራቴን እንደ ልማዴ ጎኑ ላይ ስለጥፈው ተንሸራቶ መሬት ወረደ። አሁን መብራቱን የማስረው በገመድ ነው።

ነዳጅ ይጠጣል። ባዶውን፣ ከተማና አውራ ጎዳና ተቀላቅሎ፣ በ100 ኪሎሜትር 18 ሊትር፤ ተሳቢውን ይዞ 27 ሊትር ያህል ነው የለካሁት። የለካሁትም መኪናው በሚያሳየው ቁጥር ሳይሆን ታንከሩን እስከ አፉ እየሞላሁ፣ በሊትርና በኪሎሜትር አካፍዬ ነው።

መመሪያው የመጀመሪያዎቹን 1,600 ኪሎሜትሮች ተሳቢ እንዳይጎተት ስለሚያዝ፣ መኪናውን ሳሟሽ አንድ ወር ገደማ ቆየሁ። በዚያ ወር ማሽኑን የማመላልሰው በድሮው ፒክአፕ ነበር፤ ግን ብቻዬን ሆኜ፣ ካሶኒውን ባዶ አድርጌ፣ ባልደረቦቼና መሣሪያዎቹ በአዲሱ ይከተሉኝ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ኤክስካቫተሩን ጭነን ተሳቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰርነው። ከማሰሬ በፊት ከመሬት እስከ ኋላ ፓራፋንጎው ጫፍ በሜትር ለክቼ ነበር፤ ካሰርኩ በኋላ የወረደው ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በድሮው ዘጠኝ ነበር። የተሳቢውን ፍሬን ኃይል የሚወስነው መቆጣጠሪያ መሪው አጠገብ ተገጥሞለታል፤ ባዶ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎሜትር ፍጥነት እየሄድኩ የእጅ መጫኛውን እየጨመቅሁ፣ የተሳቢው ጎማ ሳይቆለፍ ፍሬኑ በደንብ የሚይዝበትን ልክ አገኘሁ፤ 6.5 ላይ ተውኩት።

ከዚያ የምፈራውን ቁልቁለት ይዘን ወረድን። ሰባት ኪሎሜትር ያህል ነው፤ መሃሉ ላይ ሁለት ኃይለኛ መታጠፊያ አለው። ለጭነትና ለተሳቢ የተዘጋጀውን ቁልፍ ስጫን አሥር ማርሽ ያለው ካምቢዮ አሠራሩን ይለውጣል፤ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ነካ ሳደርግ ራሱ አንድ ማርሽ ወረደ፤ ደግሜ ስነካ ደግሞ ወረደ። የሞተሩ ዙር 4,300 ላይ ደርሶ ድምፁ ጋቢናውን ሞላው፤ ፍጥነቱ ግን 60 ላይ ቆመ። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው ይዘጋበትና ፒስተኖቹ አየር ሲያጥር ከሚፈጠረው ባዶነት ጋር እየታገሉ ይወርዳሉ፤ መኪናውን የሚይዘው ያ ትግል ነው። ከላይ እስከ ታች ፍሬን የረገጥኩት አራት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ ለመታጠፊያዎቹ ነበር።

ከቁልቁለቱ ግርጌ በድሮው መኪና ሁልጊዜ የምንቆምበት ጥግ አለ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ወርደን እንጠብቅ ነበር። ያን ቀንም በልማድ ቆምኩ። ሦስታችንም ወረድን፤ አንዱ ባልደረባዬ ወደ ፊት ጎማ ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ እኔ የእጄን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጋሁ። ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ያህል ሞቋል፤ ከዚያ የበለጠ ግን አይደለም። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያስሩትን ሰንሰለቶች አንድ በአንድ አይተን፣ የምንጠብቀው ነገር ስላልነበረ ተመልሰን ገብተን ወደ ሥራችን ቀጠልን።