ደሴን በስም እየጠራሁ፦ የመጀመሪያ ማራቶኔ 10ኛ ሳምንት

ዛሬ ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር ሮጬ ገባሁ። 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፈጀብኝ። በሕይወቴ ይህን ያህል ርቄ ሮጬ አላውቅም። ይህን የምጽፍላችሁ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ 39 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ ትልቁ ሩጫዬ 10 ኪሎ ሜትር ነበር። አሁን ግን ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ የማሪን ኮርፕስ ማራቶንን እሮጣለሁ። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ለአሸናፊ የገንዘብ ሽልማት የለውም፤ ስለዚህ “የሕዝብ ማራቶን” ይሉታል። እሱን ስሰማ ነው ልቤ የወደደው። ከአርሊንግተን ይነሳል፣ ዋሽንግተንን ይዞራል፣ ተመልሶ አርሊንግተን ዳገት ላይ ያልቃል። የያዝኩት የ18 ሳምንት ፕሮግራም ነው፤ የጀመርኩት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ቀስ ብሎ መሮጥ ነው።

እኛ ሕንፃ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ አንድ ጋሼ አሉ። ይህን ማራቶን ሦስት ጊዜ ጨርሰዋል። ልሮጥ ነው ስላቸው “እንግዲያው ቅዳሜ በ11 ሰዓት ሌሊት በር ላይ ጠብቂኝ” አሉኝ። የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ጎበዝ መሆኔን እንዲያዩልኝ ብዬ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ10 እገሰግሳለሁ።

“የኔ ልጅ፣ ማን እያባረረሽ ነው?” አሉኝ።

ዝም አልኩ። መልስ የሚሆን ትንፋሽም አልነበረኝም።

“ደሴ አይደል ያደግሽው? በይ ሰፈሮቹን ጥሪልኝ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ሰፈር ካልጠራሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።”

“ቧንቧ ውሃ፣ ፒያ...” ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱ። እኔም ቀነስኩ። ቀንሰን ቀንሰን በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ከ40 ላይ ስንደርስ “ቧንቧ ውሃ፣ ፒያሳ፣ አራዳ” ወጣልኝ። ትንሽ ቆይቶ “ሆጤ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሸዋ በር” አልኩ። “ይኸው፣ ያንቺ ፍጥነት ይሄ ነው” አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሩጫ ሩጫ አልመስል አለኝ። ላብ እንጂ ድካም የለውም። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት መሮጥ ልብን ያጠነክራል፣ ጡንቻ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበዛል፣ ሰውነት ስብ እያቃጠለ እንዲሄድ ያለምዳል። ሲፈጥኑ የሚነደው በብዛት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያልቃል። ሯጮች “ግድግዳው” የሚሉት ይህንን ነው። ለውጡን በራሴ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በ7 ደቂቃ ከ40 ስሮጥ የልብ ምቴ 158 ነበር። ዛሬ በዚያው ፍጥነት 146 ነው። አብዛኛው ሩጫዬ እንዲህ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፈጠን እላለሁ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ተሳስቻለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት በግልጽ ልጻፈው። ጥሩ ስሜት ስለተሰማኝ በሳምንት ከ24 ኪሎ ሜትር ወደ 36 ዘለልኩ። ጫማዬም ያለቀ አሮጌ ነበር። ሐሙስ ዕለት የግራ አገዳዬ ከውስጥ በኩል ይቆጠቁጠኝ ጀመር። ዓርብ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። በአውራ ጣቴ ስጫነው አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ያመኛል። ፊዚዮቴራፒስቷ ነካክታ አየችውና የአጥንት ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ እንደሚበረታ ነገረችኝ። የኔ ዘርዘር ያለ ስለሆነ አሥር ቀን ዕረፍትና ተረከዝን ከፍ ዝቅ የማድረግ ስፖርት አዘዘችልኝ።

በዕረፍቱ ጊዜ አልቅሻለሁ። ጋሼ መጥተው ስለ አበበ ቢቂላ አጫወቱኝ። ሮምና ቶኪዮን ያሸነፈው አበበ በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ እግሩን እያመመው ተነስቶ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋርጧል። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። “አበበም እግሩ እምቢ ሲለው ቆሟል። አንቺ አሥር ቀን ብትቆሚ ምን አለበት?” አሉኝ። ያቺን ንግግር ይዤ ተኛሁ። አሁን የሳምንቱን ርቀት ከአሥር በመቶ በላይ አልጨምርም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ትንሽ ልቆይበት። የዋሽንግተን አካባቢ ነሐሴ ከባድ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንኳ አየሩ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደመጣል ነው። ያለ ውሃ መሮጥ አይታሰብም። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። መልሳቸው ቀላል ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንጾማለን እንጂ በሰዓት አንጾምም። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ላይ አደረግኩ፤ እሑድ ለቅዳሴዬ ሆነ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ጠዋት መሮጥ ትቼ ከሥራ ስመለስ ካፈጠርኩ በኋላ አመሻሽ ላይ ወጣሁ። ሁለቱም ሳይጎድልብኝ አለፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ምግቡ በሶ ነው። እናቴ ከደሴ በሰው ልካልኝ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው የተቆላው ገብስ ሽታ ወጥ ቤቱን ይሞላዋል። አራት የሾርባ ማንኪያ ኩባያ ውስጥ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌ በማንኪያ አሸዋለሁ፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ከዚያ ቀሪውን ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው እጨምራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከሩጫ 20 ደቂቃ በፊት ጠጥቼው ሆዴ ሲንቦጫረቅ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። አሁን ከ90 ደቂቃ በፊት ነው የምጠጣው። ለዚህ ስል በ9 ሰዓት ተኩል ሌሊት እነሳለሁ። በመንገድ ላይ ግን በሶ አይሆንም፤ ይከብዳል። ፍሬው የወጣ ተምር ኪሴ ውስጥ ይዤ በየ40 ደቂቃው ሁለት ሁለት እበላለሁ። አንዱ ትልቅ ተምር 18 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ዋጋውም ሯጮች መንገድ ላይ ከሚወስዱት የታሸገ የኃይል ጄል በእጅጉ ይሻላል። ውሃዬ ላይ ጨው የማደርገው ደግሞ ባዶውን ውሃ ብቻ ስጠጣ ጣቶቼ ስላበጡና ራሴን ስላመመኝ ነው።

ዛሬ የሮጥነው ፖቶማክን ተከትሎ በሚሄደው የማውንት ቨርነን የእግር መንገድ ላይ ነው። ግራቬሊ ፖይንት ስንደርስ ጎህ ቀዶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ወደ ሬገን አየር ማረፊያ ሲወርዱ ከራስ በላይ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት፤ ጎማቸው ይታያል፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ወደ ወንዙ ስመለከት ድልድዮቹን አየሁ። ከነሱ አንዱ፣ የ14ኛው መንገድ ድልድይ፣ የማራቶኑ ወሳኝ ቦታ ነው። ከተወሰነው ሰዓት ቀድሞ ያልደረሰ ሰው በአውቶቡስ ይሰበሰባል። ውድድሩ የሚጠይቀው በማይል 14 ደቂቃ ነው፤ በኪሎ ሜትር ሲሰላ 8 ደቂቃ ከ42 ገደማ። እኔ በ7 ከ40 ከዘለቅኩ በ5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ እጨርሳለሁ። ድልድዩን እያየሁ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

22ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭኔ ድንጋይ ሆነ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው “ጥሪ እንጂ” አሉኝ። የደሴን ሰፈሮች ጨርሻለሁ። የዳቦ ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼን ቤት ሁሉ ጠርቻለሁ። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ።

“አለቀብኝ ጋሼ” አልኳቸው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ 29 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእግር መንገዱ ሙሉ ርዝመት። ባለቤቴ ሌሊት ማውንት ቨርነን ድረስ ሊያደርሰን ተስማምቷል።

“እንግዲያው የሐረጎን ቁልቁለት ውረጂና ኮምቦልቻን ጀምሪልኝ” አሉኝ።