የተጣለ ባሕር ዛፍ የት ላይ ይቆረጥ?

ባሕር ዛፉ ተጥሎ ቅርንጫፉ ከተመለመለ በኋላ እጅ የሚቸኩለው ሜትሩን ከግርጌ ዘርግቶ አራት አራት ሜትር እያለ መቁረጥ ላይ ነው። ይፈጥናል። ግን ሜትሩ ግንዱ የት ላይ እንደጎበጠ አያውቅም። መጋዙ ያረፈበት ቦታ የዛፉን ዋጋ ከውፍረቱ ባልተናነሰ ይወስነዋል፤ አጥሮ የተቆረጠን ደግሞ የሚቀጥለው የለም።

ስለዚህ የመጋዙ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ግንዱን በአንድ ጎን እስከ ጫፍ ሄዶ በሌላው ጎን መመለስ ነው። ጠመኔ ወይም ከሰል ይዞ፣ የጎበጠበትን፣ ባላ የሆነበትን፣ ጉጥ የበዛበትን፣ ሲወድቅ የተሰነጠቀበትን ሁሉ ማስመር። ሜትሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጉብጠት ሁለት ዓይነት ነው፣ መፍትሔውም ለየቅል። አንዱ እንደ ደጋን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ የሚጎብጠው ነው። ለመለካት ሲባጎ ወደ ውስጥ በገባው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጠርና መሐል ላይ በሲባጎውና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት ይታያል። 8 ሜትር ግንድ 12 ሳንቲ ሜትር ጎብጦ ቀጭኑ ጫፍ 24 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሳይቆረጥ ከዳር እስከ ዳር የሚወጣለት ቀጥ ያለ እንጨት 12 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ነው። መሐሉ ላይ ለሁለት ሲቆረጥ ግን የእያንዳንዱ ጉብጠት 6 ሳይሆን ወደ 3 ይወርዳል፤ ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ ጉብጠት ወደ ሩብ ነው የሚቀንሰው። አሁን ከቀጭኑ ቁራጭ እንኳ 21 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት አለ። ደጋን የመሰለ ግንድ በረጅሙ ሲሸጥ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።

ሌላው እንደ ክርን በአንድ ቦታ የሚታጠፈው ነው። መጠነኛ ከሆነ መጋዙን እዚያው መታጠፊያው ላይ ማሳረፍ። የባሰ ከሆነ ክርኑን እንዳለ አውጥቶ ለማገዶ መስጠት ነው እንጂ ማንም አናጢ አይቀበለውም።

በቁጥር እንየው። ግንዱ 14 ሜትር፣ ክርኑ 9.3 ሜትር ላይ፣ መሰንጠቂያ ቤቱ የሚፈልገው 4 ሜትር ግንዲላ ነው እንበል። ለመላጫና ለስንጥቅ 10 ሳንቲ ሜትር ሲታከል 4.1 ይሆናል። በደፈናው የሚቆርጥ ሰው 4.1፣ 8.2፣ 12.3 ላይ ያርፋል፤ ሦስተኛው ቁራጭ ክርኑን በሆዱ ይዞ ይቀራል፣ ከጫፉ የተረፈው 1.7 ሜትርም ማገዶ ነው። ክርኑን ያየ ሰው ደግሞ ሁለቱን ግንዲላ እንደዚያው ካወጣ በኋላ ከ8.2 እስከ 9.6 ያለውን 1.4 ሜትር ለፍልጥ ይጥላል። ከዚያ በላይ 4.4 ሜትር ቀጥ ያለ ወራጅ፣ ማለትም ለጣሪያ የሚሆን እንጨት፣ ያገኛል። ልዩነቱ አንድ ወራጅ ነው። ዛፉ መቶ ሲሆን ግን መቶ ወራጅ ሊሆን ይችላል።

ባላ ሲያጋጥም መቁረጫው መንታው ከሚለያይበት ሳይሆን ግንዱ ማበጥ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ ነው። እብጠቱ ውስጥ ሁለት ልብ አለ፤ አንዳንዴም መሐላቸው ቅርፊት ተቀብሮ ጣውላውን ይከፍለዋል። ለዳስ ወይም ለበረት ባላ የሚፈልግ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደጋውን የሚወደው ነጭ ባሕር ዛፍ ይስማማታል። ዝቅ ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ሞቃታማ መሬት ቀይ ባሕር ዛፍ ይሻላል። ለቆራጩ ይህ ትርጉም አለው። ምስጥ ላለበት መሬት ቋሚ የሚፈለግ ከሆነ ከቀዩ ግርጌ መውሰድ ነው፤ ምስጥን የሚቋቋመው ቀዩ ውስጠኛ ክፍል በብዛት ያለው እዚያ ነው። ጫፉ በአብዛኛው ውጫዊው ነጣ ያለ እንጨት ስለሆነ ለምስጥ ምሳ ነው።

ነጩ ደግሞ መሰንጠቅ ይወዳል። ቆሞ ሳለ የግንዱ ውጭ የተወጠረ፣ ውስጡ የታመቀ ነው፤ መጋዝ ሲያልፍበት ይህ ኃይል ይለቀቅና ጫፉ እንደ ኮከብ ይፈነዳል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት አዲስ ጫፍ ነው፣ ማለትም ሁለት አዲስ ስንጥቅ። ጉብጠት ካላስገደደ በቀር እርሻው ላይ ማሳጠር አያስፈልግም፤ 8.2 ሜትሩን እንዳለ ወስዶ መሰንጠቂያው በር ላይ ለሁለት መቁረጥ ይሻላል። መቆየት ካለበት ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ጫፎቹም በዚያው ቀን በተራረፈ የዘይት ቀለም ይቀቡ። በማግስቱ መቀባት ከፈነዳ በኋላ ስለሆነ ቀለሙን ማባከን ነው።

መኪና የማይገባበት ቦታ ከሆነ ርዝመቱን ትከሻ ይወስነዋል። የመሐሉን ዙሪያ በሜትር ለክቶ፣ ዙሪያ በዙሪያ፣ ከዚያ በርዝመት፣ ከዚያ በ0.08 ማባዛት ነው። ዙሪያው 0.9፣ ርዝመቱ 4.1 ሜትር ከሆነ 0.27 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ አንድ ቶን ገደማ ስለሚመዝን ይህ ግንዲላ ከሩብ ቶን ያላነሰ ነው። ተሸካሚ ከመጥራት በፊት ይህን ማስላት ጠብ ያስቀራል።

የሚቆረጠው ቦታ ታውቆም በአቆራረጥ ይበላሻል። ግንዱ ሁለቱ ዳር ላይ ተደግፎ መሐሉ አየር ላይ ከሆነ ላዩ የታመቀ፣ ታቹ የተወጠረ ነው፤ ከላይ አንድ ሦስተኛውን ቆርጦ ከታች መጨረስ ነው። ጫፉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ከሆነ ግን በተቃራኒው፣ ከታች ጀምሮ ከላይ መጨረስ። ተራው ከተሳሳተ ወይ መጋዙ ይነከሳል፣ ወይ ግንዱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ያ በጥንቃቄ የተለካ 4.1 ሜትር ፍልጥ ይሆናል። ክፍተቱ መጥበብ ሲጀምር ቆም ብሎ ሽብልቅ መምታት ነው እንጂ ሞተሩን ማስጮህ አያዋጣም። እንደ ደሴው የጦሳ ተራራ ባለ ዳገት ላይ ደግሞ ቆራጩ ምንጊዜም ከላይ በኩል ይቁም፣ ከታችም ሰው አይኑር፤ የተለቀቀ ግንዲላ ይንከባለላል።

ጉቶው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ትንሽ አዘንብሎ ይስተካከል። ቅርፊቱ ከተገሸለጠ የሚያቆጠቁጠው ይደክማል፣ የሚቀጥለው ግንድም የሚመጣው ከዚያው ነው።