የጋሼ ጥቁር አዝሙድና የኔ ፍላስኮች

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ቴሌግራም ከፈትኩ፣ ጋሼ (የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው) አንድ ቪዲዮ ፎርዋርድ አድርገውልኛል። "ጥቁር አዝሙድ የፕሮስቴት ካንሰርን ገደለ! በላብራቶሪ ተረጋገጠ!!" ይላል፣ ከኋላው ክራር አለ፣ አንባቢው ደግሞ የሰው ድምፅ አይመስልም። ከስሩ የራሳቸው ቮይስ፣ "የኔ ልጅ፣ አንቺ እዛው ቤት ውስጥ ስለሆንሽ እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄን መርፌ ልተወው ወይ?"

መርፌው ቴስቶስትሮን የሚያጠፋው ነው፣ በየሦስት ወሩ የሚወጉት። ደንግጬ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።

"እዛው ቤት" ያሉት ላቡን ነው። ሜሪላንድ አንድ ላብ ውስጥ ቴክኒሽያን ነኝ፣ ሥራዬ ባጭሩ የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ማርባት ነው። እንደ ዶሮ እርባታ በሉት፣ ማብላት፣ ማጽዳት፣ ሲበዙ ማካፈል። ቪዲዮው ለናንተም አባትና አጎት ጋ መድረሱ ስለማይቀር ለጋሼ የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገር "ላብራቶሪ ውስጥ ገደለ" የሚለው ውሸት አደለም። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ነገር አለ፣ ፍላስክ (ሴል የምናረባበት ጠርሙስ) ውስጥ ያሉ የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ ሲጨመር እድገታቸውን እንደሚያቆም የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ። ግን እኔም ገድያቸዋለሁ እኮ! አንዴ ኢንኩቤተሩን በደንብ ሳልዘጋው ቅዳሜና እሁድ አለፈ፣ አንዴ ሚዲያውን (የሚበሉትን ፈሳሽ) ከፍሪጅ አውጥቼ ሳላሞቀው አፈሰስኩባቸው፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳላደርግ ሞቱ። እነዚህ ሴሎች መሞት አይከብዳቸውም፣ ከባዱ ማኖሩ ነው።

ለመሆኑ እነማን ናቸው? ዓለም ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ላብ ሁሉ ውስጥ ብትገቡ ፍሪዘር ውስጥ የምታገኟቸው በአብዛኛው ሦስት የሴል ዘሮች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰው ተወስደው እስከዛሬ ፍላስክ ውስጥ የሚባዙ፣ ሦስቱም ከ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዲዩ145 ካንሰሩ ጭንቅላቱ ድረስ ከሄደበት የ69 ዓመት ሰው የመጣች ናት፣ ዲዩ የተባለችው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ፒሲ-3 ከአንድ የ62 ዓመት ሰው አጥንት። ኤልኤንካፕ ደግሞ በ1977 ባፋሎ ኒውዮርክ ሮዝዌል ፓርክ ከሚባለው የካንሰር ተቋም፣ ከአንድ የ50 ዓመት ሰው፣ አንገቱ ስር ካለው ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) በመርፌ ከተወሰደ ናሙና። (ከወንድ መጥተው ለምን "ናት" እንደምላቸው አትጠይቁኝ፣ የማበላውን ነገር "እሱ" ማለት አልችልም።) ሦስቱም ፕሮስቴቱ ላይ ከነበረው እጢ ሳይሆን ከተሰራጨው የተወሰዱ ናቸው፣ የፕሮስቴት ሴል ከሰው ወጥቶ ፍላስክ ውስጥ መኖር በጣም ስለሚከብደው ከተሞከረው ብዙው ቀርቶ የተረፉት እነዚህ ናቸው።

ጠባያቸው ደግሞ ለየቅል ነው። ፒሲ-3 ዱርዬ ናት፣ የትም ትበቅላለች፣ ሁለት ቀን ዞር ካልክ ፍላስኩን ሞልታው ነው የምታገኛት። ኤልኤንካፕ ግን እመቤት ናት። ለመባዛት ወደ 60 ሰዓት ይፈጅባታል፣ ፍላስኩን አጥብቃ አትይዝም፣ እርስ በርሷ ተጣብቃ ደሴት ደሴት እየሰራች ነው የምትቀመጠው። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ እንደ ፒሲ-3 መስላኝ ውሃውን (የጨው ውሃ ነው) ቀጥታ ላይዋ ላይ ለቀቅኩባት፣ ሁሉም እንደ ቅርፊት ተልጦ ተነሳ፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆማ "በግድግዳው በኩል ቀስ ብለሽ" አለችኝና ሄደች። አሁን የፍላስኩን ወለል ፖሊላይሲን (ሴል እንዲጣበቅ የሚያደርግ ነገር) ቀብቼ ነው የማስቀምጣት፣ ሳጥቧትም ትንፋሼን ይዤ ነው። ሚዲያው ውስጥ ቀለም አለ፣ አሲድ ሲበዛ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ ከዛ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ ቶሎ ነው የምታኮመጥጠው፣ ጠዋት ገብቼ ቢጫ ካየሁ ቡናዬን ሳልጠጣ እሷን ነው የማበላው። የምትበላው አርፒኤምአይ የሚባል ሚዲያ ላይ አስር ፐርሰንት የጥጃ ሴረም ተጨምሮ ነው፣ አርፒኤምአይ ማለት ደግሞ ያው የሮዝዌል ፓርክ የድሮ ስሙ ምህፃረ ቃል ነው፣ የተወለደችበት ቤት ምግብ ነው እስከዛሬ የምትበላው ማለት ነው።

ጋሼ እዚህ ጋ አቋረጡኝ። "የጥጃ ደም? በፆምም?" በፆምም አልኳቸው። "እንግዲህ ካንሰር አይደል፣ ምን ይጠበቃል" አሉ።

አሁን ወደ መርፌው። የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ውስጥ የአንድሮጅን ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት፣ ጌታው ቴስቶስትሮን ሲመጣ በር ይከፍታል፣ ሴሉም ይባዛል። የጋሼ መርፌ ጌታው እንዳይመጣ የሚያደርግ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፣ ቻርልስ ሃጊንስ የሚባለው ሐኪም በ1941 የወንዴውን ሆርሞን ማጥፋት ይሄን ካንሰር እንደሚያከስመው አሳይቶ በ1966 ኖቤል ወስዶበታል። ግን ፒሲ-3ም ዲዩ145ም ይሄ ዘበኛ ጭራሽ የላቸውም! ስለዚህ አንድ ቅጠል ወይ ዘይት ፒሲ-3ን ገደለ ማለት ስለ ጋሼ ካንሰር ምንም የሚነግረን ነገር የለም፣ የጋሼ ካንሰር መርፌውን ሰምቶ ፒኤስኤያቸው (ካንሰሩን የምንከታተልበት የደም ምርመራ) ወርዷል፣ ዘበኛው በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እነዚህ "ገደለ" የሚሉ ጽሁፎች ላይ ደግሞ ፒሲ-3ን ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ፣ ቀላል ስለሆነች ነው፣ ሌላ ምክንያት ያለ አይመስለኝም።

ኤልኤንካፕ ግን ዘበኛ አላት፣ ትንሽ የተበላሸ። 877ኛው ቦታ ላይ (በአዲሱ አቆጣጠር 878) አንዲት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባት ጡብ በሏት) ተቀይራለች፣ በቃ አንዲት። በዛች ምክንያት ዘበኛው ለቴስቶስትሮን ብቻ ሳይሆን ለፕሮጄስትሮንም ለኤስትሮጅንም ይከፍታል፣ ይባስ ብሎ ራሱን ሊያስቆም ለተላከው ፍሉታማይድ ለተባለው መድኃኒትም ይከፍታል! ማለትም መድኃኒቱ ሴሏን ያሳድጋታል። ይሄ በ1990 ሲጻፍ የአንዲት ፍላስክ ውስጥ ያለች ሴል ጉድ ይመስል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሐኪሞች የሆነ ነገር ጻፉ፣ ፍሉታማይድ የሚወስዱ አንዳንድ በሽተኞች መድኃኒቱን ሲያቆሙ ፒኤስኤያቸው ይወርዳል። ሲያቆሙ! ቆይቶም ያችው ለውጥ በሽተኞች እጢ ውስጥ ተገኘች። ባፋሎ ውስጥ ካንድ ሰው አንገት የወጣች ሴል ሐኪሞቹ ከማየታቸው በፊት ይዛው ተቀምጣ ነበር። እኔ ይሄን ያነበብኩ ቀን ፍላስኩን አውጥቼ ዝም ብዬ አየሁት፣ እውነቴን ነው። በኋላ የመጣው ዘበኛውን የሚያስቆም መድኃኒት ኤንዛሉታማይድም (በ2012 ነው የተፈቀደው) ገና ሲፈለግ ዘበኛው እንዲበዛባት የተደረገች ኤልኤንካፕ ላይ ነው የተሞከረው።

እንዲህ ስል ግን ሁሉም ነገር ያማረ እንዳይመስላችሁ። ቲኤስዩ-ፒአር1 የሚባል የፕሮስቴት ሴል ነበር፣ ከአስር ዓመት በላይ ሰው ሲሰራበት ኖሮ በ2001 ዲኤንኤው ሲታይ ቲ24 የምትባለው የፊኛ ካንሰር ሴል ሆና ተገኘች፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ፒፔት ሳይቀይር ቀርቶ ይሆናላ። እኛም ላብ አንዴ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብን የአምስት ወር ሥራ ጣልን፣ ከዛ ወዲህ ዲኤንኤ ሳይመረመር ምንም አይነካም። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሦስቱም ሰዎች ነጭ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ወንዶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከነጮች እጥፍ ገደማ ነው። ከጥቁር ሰው የመጣችና ብዙ ሰው የሚያውቃት ሂውስተን ኤምዲ አንደርሰን የሚባለው የካንሰር ሆስፒታል የተሰራችው ኤምዲኤ ፒሲኤ 2ቢ ናት፣ ከአንድ የ63 ዓመት ሰው አጥንት፣ እሷም ለማሳደግ አስቸጋሪ ስለሆነች ብዙ ሰው ይሸሻታል። ኢ006ኤኤ-ኤችቲ የምትባለዋ ደግሞ የጥቁር አሜሪካዊ ናት ሲባል ቆይቶ በ2019 የዘር ሐረጓ ሲመረመር አብዛኛው አውሮፓዊ ሆኖ ቁጭ አለ። የጥቁር ሰው በሽታ አጠናን ያሉ ሰዎች በነጭ ሴል ሲሰሩ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ!

ለጋሼ ይሄን ሁሉ አላልኳቸውም። መርፌውን እንዳይተዉት፣ አዝሙዱን ከወደዱት ለሐኪማቸው ነግረው ከምግብ ጋር ይብሉት፣ ዘይቱን በማንኪያ ግን እንዳይጠጡ፣ ይሄን ነው ያልኳቸው። የሰዎቹን ነገር ግን ደጋግመው ጠየቁኝ፣ በተለይ የ50 ዓመቱን። "ሞቷል አይደል?" አዎ ጋሼ፣ ድሮ። "ሴሉ ግን አለ።" አለ፣ ጠዋት አብልቻት ነው ቤተክርስቲያን የሄድኩት። ዝም አሉ።

"ስሙ ማነው?"

ጽሁፉ ላይ የለም አልኳቸው፣ ዕድሜውና ነጭ መሆኑ፣ ሴሉ ከየት እንደተወሰደ፣ ይሄ ነው ያለው።

"ታዲያ በፀሎት ምን ብዬ ላንሳው?" አሉ ጋሼ፣ እየቀለዱ መስሎኝ ልስቅ ስል እስክሪብቶ ሲፈልጉ ሰማሁ። "እሺ፣ የባፋሎው ሰውዬ ብዬ ጽፌዋለሁ። ባፋሎ በ'ፋ' ነው በ'ፏ'?"